ትል የሌለበት አንድ ማንጎ

ተረት ላወራችሁ ነው። እኔ አንዱን ስጨርስ እናንተ «ከዚያስ?» በሉኝ፤ ካላላችሁኝ አፍሬ አቋርጠዋለሁ።

ነገሩ ለብዙ ዘመን የያዝኩት ምስጢር ነው። የሥነ ሕይወት መምህርት ነኝ። በየዓመቱ ሰሌዳው ላይ እንቁላል እሥላለሁ፤ ከእንቁላሉ አጠገብ ትል፣ ከትሉ አጠገብ ቡናማ ቅርፊት፣ ከቅርፊቱ አጠገብ የፍራፍሬ ዝንብ። ተማሪዎቼ «ይህን ማን ደረሰበት?» ብለው ሲጠይቁኝ «ተመራማሪዎች» እልና ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞራለሁ። ውሸት አይደለም፤ ተመራማሪዎች ደርሰውበታል። እኔ ግን የሰማሁት ከራሷ ከዝንቧ ነው።

ከዚያስ? በሉ እንጂ።

ቤታችን ከሀርቡ ከተማ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ደጃፉ ላይ አያታችን የተከሉት ማንጎ ቆሟል። አያታችን ሲተክሉት «የቅርንጫፉ ለቤት፣ የወደቀው ለመንገደኛ» ብለው ቃል ሰጡ። ከዚያ ወዲህ ከቤታችን ሰው ጎንበስ ብሎ የወደቀ ማንጎ ያነሳ የለም። ያነሳ ቢገኝ «ከመንገደኛ አፍ ነጠቀ» ይባላል፤ ይህን ስም ደግሞ የሚፈልግ አልነበረም።

ትምህርቴን ጨርሼ ምደባ ስጠብቅ ታላቅ እህቴ ጦይባ የመጀመሪያ እርግዝናዋ ከብዷት እናታችን ጋ መጣች። የበላችው አይረጋላትም። ወተት ሲሰጧት ትመልሳለች፤ አጥሚት ሲሰጧት ሽታው ያባርራታል። ከመክሳቷ የተነሣ የእጇ አምባር እስከ ክርኗ ይንሸራተት ጀመር።

«ምን አማረሽ የኔ ልጅ?» አለቻት እናታችን።

«ማንጎ» አለች ጦይባ። «ትል የሌለበት አንድ ማንጎ።»

«ይኸው ዛፉ በደጃችን! ወርቅ እኮ አልጠየቀችም!» ብላ እናታችን ወጣች፤ ማንጎ አውርዳ ቆረጠች። ትል። ሌላ ቆረጠች። ትል። ከገበያ አስመጣች፤ እሱም ትል። ጦይባ አንዱን ገምጣ በተገመጠው በኩል ነጭ ነገር ሲርመሰመስ ስላየች፣ ከዚያ ወዲያ ሳይቆረጥ ወደ አፏ የምታስጠጋው አልነበረም።

እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ አመል ነበረኝ፤ ያልገባኝን ነገር ራሱን ነገሩን እጠይቃለሁ። ሰው አለመኖሩን በግራም በቀኝም አየሁና ወደ ዛፉ ተጠጋሁ።

«ማንጎ ሆይ» አልኩት፣ «ጤነኛ ፍሬ ስጥ፤ ጦይባ ጦሟን ናት።»

ማንጎው ቅጠሉን አንኮሻኮሸ። «አልሰጥም። ሳልፈልግ ቀርቼ መሰለሽ? ዝንቧ ናት የማታሰጠኝ። ፍሬዬ ጥሬ ሳለ ቆዳው ይጠነክርባታል፤ አትደፍረውም። መለስለስ ሲጀምር ግን መጥታ በጅራቷ መርፌ ትወጋዋለች። የምሥራቁ ቅርንጫፌ ዘንድሮ ዘግይቶ ገና ጥሬ ነው። እሱ ሳይለሰልስ ዝንቧ እንድትተወኝ አድርጊልኝ።»

ከዚያስ?

ወደ ዝንቧ ሄድኩ። ወገቧ እንደ ተርብ የቀጠነ፣ ጀርባዋ ላይ ቢጫ መስመር ያላት፣ ከቤት ዝንብ የምታምር ናት፤ እውነቱን መናገር ነው። «ዝንብ ሆይ፣ ማንጎውን ልቀቂው። ማንጎው ጤነኛ ፍሬ አልሰጥም አለ፤ ጦይባ ጦሟን ናት።»

ዝንቧ የፊት እግሮቿን አሸት አሸት አደረገች። «አልለቅም። አንቺ ልጅሽን የት ነው የምትወልጂው?»

አፈርኩ። አላገባሁም ነበር። «ቤት ውስጥ» አልኳት ቀስ ብዬ።

«እኔም ቤት ውስጥ ነው። ቆዳውን ወግቼ እንደ ሩዝ የነጡ፣ ከሩዝ ግን እጅግ ያነሱ እንቁላሎች አስቀምጣለሁ፤ ግድግዳውም ምግቡም አንድ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም፤ ልጅ አሳድጌ አላውቅም። ትሉን ጠይቂው።»

ትሉን ለመጠየቅ የወደቀ ማንጎ ማንሳት ነበረብኝ፤ ማንሳት ደግሞ አይፈቀድም። ስለዚህ ሁለት እጄን ከኋላዬ አጣምሬ፣ እንደ ዳክዬ ቁጢጥ ብዬ፣ አንገቴን ወደ አንዱ የፈነዳ ማንጎ ዘረጋሁ። «ትል ሆይ፣ ዝንብ መሆንህን ተው። ዝንቧ ማንጎውን አልለቅም አለች፤ ማንጎው ጤነኛ ፍሬ አልሰጥም አለ፤ ጦይባ ጦሟን ናት።»

ትሉ አፉ ሙሉ ነበር። እስኪውጥ ጠበቅኩት። «አልተውም። እንቁላል ሆኜ ጀምሬ እንዴት እዚህ ላይ አቆማለሁ? እኔ ውስጥ ውስጡን ስበላ ፍሬው ያለጊዜው ቢጫ ይሆንና ይወድቃል። ስጠግብ እወጣለሁ።»

«እግር ሳይኖርህ?»

«እይ!» አለና አፉን ከጅራቱ አገናኝቶ እንደ ቀስት ከጎበጠ በኋላ ድንገት ተፈናጥሮ ከፍሬው ላይ ወደ መሬት ዘለለ። ጮህኩ። «አፈሩ ባይደብቀኝ ኖሮ ጉንዳን በበላኝ ነበር» እያለ በስንጥቁ ገባ።

ከዚያስ?

«አፈር ሆይ፣ ትሉን አጋልጠው። ትሉ ዝንብ መሆኔን አልተውም አለ፤ ዝንቧ ማንጎውን አልለቅም አለች፤ ማንጎው ጤነኛ ፍሬ አልሰጥም አለ፤ ጦይባ ጦሟን ናት።»

አፈሩ ዝግ ባለ ድምፅ «አላጋልጥም» አለ። «የመጣብኝን ሁሉ አለብሳለሁ፤ ዘርም ይምጣ ትልም። ትሉ እኔ ውስጥ ቆዳው ደርቆ ቡናማ ቅርፊት ይሆንለታል፤ ስንዴ መስሎ ይተኛል።»

«ቅርፊቱ ውስጥ ምን ይሆናል?» አልኩት። ጉጉቴ ጦይባን ሊያስረሳኝ ምንም አልቀረው።

«እኔም አላይም። ትል ሆኖ ይገባል፣ ክንፍ አብቅሎ ይወጣል። ማስወጣት ከፈለግሽ እጅ የለኝም፤ ዶሮዋ ትጫረኝ።»

ዶሮዋ የጎረቤታችን የእማማ ሰዓዳ ናት፤ በአጥራችን ቀዳዳ ትታያለች። «ዶሮ ሆይ፣ አፈሩን ጫሪው። አፈሩ ትሉን አላጋልጥም አለ፤ ትሉ ዝንብ መሆኔን አልተውም አለ፤ ዝንቧ ማንጎውን አልለቅም አለች፤ ማንጎው ጤነኛ ፍሬ አልሰጥም አለ፤ ጦይባ ጦሟን ናት።»

ዶሮዋ አንገቷን አዘንብላ በአንድ ዓይኗ አየችኝ። «አልጭርም። እግሬን አላየሽም እንዴ አንቺ የተማርሽ?» አየሁት፤ በገመድ ከካስማ ጋር ታስሯል። «ያ ቡናማ ስንዴ ከስንዴ ይጥማል፤ ያውም ለስላሳ ነው። ቀምሼዋለሁ። ስለቀመስኩት ነው የታሰርኩት። እማማ ሰዓዳን ጠይቂ።»

እዚህ ላይ ነገር ከበደኝ። እማማ ሰዓዳ ሰው ናቸው፤ ሰው ደግሞ ይስቃል። ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ደጃፋቸው ቆሜ፣ መሬት መሬት እያየሁ፣ «እማማ ሰዓዳ፣ ዶሮዋን ይፍቷት። ዶሮዋ አፈሩን አልጭርም አለች፤ አፈሩ ትሉን አላጋልጥም አለ፤ ትሉ ዝንብ መሆኔን አልተውም አለ፤ ዝንቧ ማንጎውን አልለቅም አለች፤ ማንጎው ጤነኛ ፍሬ አልሰጥም አለ፤ ጦይባ ጦሟን ናት» አልኩ ባንድ ትንፋሽ።

እማማ ሰዓዳ የሚለቅሙትን ምስር አስቀመጡ። «ወይ ጉድ! ሉባባ፣ ይህን ሁሉ ማን ነገረሽ?»

ዝም አልኩ።

«ኮሌጅ ነው ያስተማሩሽ?»

ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝምታዬን እሺታ አደረጉት። ምስጢሬ እዚያች ደጃፍ ላይ ተወለደ፤ እስከ ዛሬ በአካባቢው «ሉባባ ከኮሌጅ ያመጣችው» ይባላል።

«ቢሆንም አልፈታም» አሉ እማማ ሰዓዳ። «ያን ሰሞን ከዛፉ ሥር ስትጭር አባትሽ አይተዋት ‹ዶሮሽ የመንገደኛውን ሲሳይ እየበተነች ነው› ብለው ወረዱብኝ። ጎረቤቴን ላስቀይም? ሂጂና አባትሽን ጠይቂ።»

ከዚያስ?

አባባ እንደ ልማዳቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን «ውሰዱ፣ አንሱ፣ የእናንተ ነው» ይላሉ። አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። «አባባ፣ ዶሮዋ ከዛፉ ሥር እንድትጭር ይፍቀዱላት። እማማ ሰዓዳ ዶሮዋን አልፈታም አሉ፤ ዶሮዋ አፈሩን አልጭርም አለች፤ አፈሩ ትሉን አላጋልጥም አለ፤ ትሉ ዝንብ መሆኔን አልተውም አለ፤ ዝንቧ ማንጎውን አልለቅም አለች፤ ማንጎው ጤነኛ ፍሬ አልሰጥም አለ፤ ጦይባ ጦሟን ናት።»

አባባ የጦይባን ስም ሲሰሙ ዓይናቸው ወደ ቤት ሄደ፤ ከውስጥ ስታስመልስ ይሰማ ነበር። ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አልፈቅድም ልጄ። የራሴ ቢሆን ዛሬውኑ። የወደቀው የመንገደኛ ነው፤ አባቴ ሰጥቶታል። የሰው ንብረት ለዶሮ ልስጥ? ለልጄ ብዬ የሌላውን ላስበላ? ባለቤቱ ይፍቀድ፤ መንገደኛውን ጠይቂ።»

መንገደኛውን!

ከዛፍ፣ ከዝንብ፣ ከትል፣ ከአፈርና ከዶሮ ጋር ተነጋግሬአለሁ፤ ምንም አላለኝም። መንገደኛው ግን ሙሔ ነበር። ሙሔ በገበያ ቀን ሽንኩርት በአህያ ጭኖ በደጃችን የሚያልፍ ኮበሌ ነው። ሲያልፍ በአጥሩ ቀዳዳ አየው እንደነበር እስካሁን የሚያውቅ የለም፤ ዶሮዋ ካላወቀች በቀር። ዛሬ ባለቤቴ ነው። «መጀመሪያ ያናገርኩሽ እኔ ነኝ፣ አንቺማ ቀና ብለሽ አታይም ነበር» እያለ ሰው ፊት ያወራል፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ። እንግዲህ እውነቱ ይኸው፤ መጀመሪያ ያናገርኩት እኔ ነኝ።

በገበያ ቀን ሙሔ መጣ። ከዛፉ ሥር ቆመ፣ አንድ የወደቀ ማንጎ አነሳ፣ ሳመው፣ «አላህ ይቀበላችሁ፣ አያ ይማም» ብሎ አባባን መርቆ በጋቢው ሸጎጠው። እኔ በበቆሎ ማሳው መሃል አቋርጬ መንገዱ መታጠፊያ ላይ ካለው ቁልቋል ጀርባ ጠበቅኩት። ከአባባ ዓይን እንደተሰወረ ማንጎውን አውጥቶ ለአህያዋ ሰጣት። አህያዋ አሸተተችና ፊቷን አዞረች። ሙሔ ግራ ቀኙን አይቶ ቁጥቋጦው ውስጥ ወረወረው። ወደዚያ ዞር ብዬ ባይ ቁጥቋጦው ሥር የበሰበሰ ማንጎ ተቆልሏል፤ የኔዋ ባለቢጫ ዝንብ ዘመዶች በላዩ ይጨፍራሉ።

ከቁልቋሉ ጀርባ ወጣሁ። ያሰብኩት ሰላምታ ጠፋኝና የመጣልኝን ተናገርኩ። «የወደቀውን ስጠን! አባባ ዶሮዋን አልፈቅድም አሉ፤ እማማ ሰዓዳ ዶሮዋን አልፈታም አሉ፤ ዶሮዋ አፈሩን አልጭርም አለች፤ አፈሩ ትሉን አላጋልጥም አለ፤ ትሉ ዝንብ መሆኔን አልተውም አለ፤ ዝንቧ ማንጎውን አልለቅም አለች፤ ማንጎው ጤነኛ ፍሬ አልሰጥም አለ፤ ጦይባ ጦሟን ናት!»

ሙሔ አህያዋን ያዘ። «ስጥል አየሽኝ?»

«አየሁህ።»

«ወላሂ ንቄ አይደለም። ትል አለበት። ከካቻምና ጀምሮ ትል አለበት። ግን አባትሽ ‹ውሰዱ› እያሉ ሰደቃ እንዴት ይናቃል? መንገደኛው ሁሉ እንደኔ ነው። የቻለ አንድ አንስቶ እዚህ ይጥላል፤ ያልቻለ ዓይኑን ጨፍኖ ያልፋል።»

«እንግዲያው ይህንኑ ለአባባ ንገራቸው።»

«አልናገርም! እንዴት ብዬ? ሰው በሰጠኝ ነገር ላይ ‹ትል አለበት› ልበል? አንቺ ንገሪያቸው።»

«አንተ ንገራቸው፤ ባለቤቱ አንተ ነህ።»

«አፍራለሁ።»

«እኔም አፍራለሁ።»

ሁለታችንም መሬት መሬት እያየን ቆምን። አህያዋ ሽንኩርቱ ከብዷት ተነፈሰች። እንዲህ ከቆምን የምሥራቁ ቅርንጫፍ ይለሰልሳል ብዬ ሰጋሁ። «ጦይባ ትናንት ከአልጋ ስትነሳ ወደቀች» አልኩት። «ውኃም አልረጋላት ብሏል።»

ሙሔ ቀና አለ። «ነፍሰ ጡር እየተራበች እኔ እዚህ ቆሜ ላፍር?» አለና አህያዋን ወደ መጣበት አዞረ።

አባባ ሲመለስ አይተው ተገረሙ። «ምነው ሙሔ፣ የረሳኸው አለ?»

«አያ ይማም፣ የወደቀው የማን ነው?»

«የእናንተ ነዋ፤ የመንገደኛ።»

«በቃ የእኛ ነው?»

«ቃሉ ቃል ነው።»

«እንግዲያው እኔም የደረሰኝን ለእማማ ሰዓዳ ዶሮ ሰደቃ ሰጥቻለሁ። የሌሎቹንም ፈቃድ እኔው አመጣለሁ፤ አይከለክሉም። ማንጎው ትል አለበት አያ ይማም። ለመናገር አፍረን ነው።»

አባባ ከተቀመጡበት ተነሡ። ከዚያ አንዱን የወደቀ ማንጎ በበትራቸው ጫፍ ገለበጡት፤ ትሎቹ እየተፈናጠሩ ወጡ። «ይህን ነው ‹ውሰዱ፣ ውሰዱ› ስላችሁ የኖርኩት?» አሉ። «እናንተስ ‹አላህ ይቀበላችሁ› ትሉኛላችሁ?»

«ምን እንበል ታዲያ?»

አባባ በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፍነው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ያለቀሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። ሲገልጡት ይስቃሉ። «ሰዓዳ!» ብለው ተጣሩ፤ «ዶሮሽን ፍቺያት፤ መንገደኛ ጋብዟታል!»

መንገደኛው የወደቀውን ሰጠ፤ አባባ ዶሮዋን ፈቀዱ፤ እማማ ሰዓዳ ገመዱን ፈቱ፤ ዶሮዋ አፈሩን ጫረች፤ አፈሩ የተኙትን አጋለጠ፤ ትሉ ክንፍ ሳያበቅል ተለቀመ፤ ዝንቧ ተተኪ አጣች። ሙሔም በየገበያው ከመንገደኞቹ ፈቃድ እየያዘ መጣ፤ አንዳቸውም አልከለከሉም፤ እንዲያውም እንደ ተገላገለ ሰው አመሰገኑ። አዲስ የሚወድቀውን እኔና ሙሔ ከቁጥቋጦው ሥር ካለው ክምር ጋር ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው። አፍ ስላልተፈታልን አብዛኛውን ጊዜ የተነጋገርነው ስለ ዝንብ ነበር።

ማንጎውስ? የምሥራቁ ቅርንጫፍ መለስለስ ጀመረ። አንዲት ዝንብ መጥታ አንዱ ፍሬ ላይ ስትመላለስ አይቻለሁ። «ተይው» አልኳት፤ ልትተወው ትችል ነበር፣ አልተወችም። ስለዚህ እናታችን የመጀመሪያውን ስትቆርጥ ትል ወጣ። ጦይባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። አባባ በር ላይ ቆመው ያያሉ።

እናታችን ሁለተኛውን አነሳች። ጦይባ «አምጪው እኔ ልየው» ብላ ተቀበለቻት፤ የመርፌ ነጥብ እየፈለገች ዙሪያውን በጣቷ ዳሰሰችው። አጣች። ራሷ ቆረጠችው። ቢጫ ብቻ ነበር፤ ከጫፍ እስከ ፍሬው አጥንት ቢጫ። አሸተተች፣ ጠበቀች፣ ሆዷ ዝም አለ። ነከሰች።

ጭማቂው በአገጯ ወርዶ ቀሚሷን አበላሸ። ቆዳውን በጥርሷ ፋቀችው፤ አጥንቱን መጠጠችው፤ ክሩ ነጭ እስኪሆን መጠጠችው። ከዚያ ቀና ብላ አንድ በአንድ አየችንና፣ «ምን ያስፈጥጣችኋል?» አለች፤ «ሌላ የለም እንዴ?»

አባባ በትራቸውን ጥለው እንደ ልጅ ወደ ዛፉ ሮጡ።

ተረቴን ያዙ፣ ጦሙን ያለ ሰው አስታውሱ።